ጀሶና ማማሰያ

በሕይወቴ የማይሆንልኝ ነገር ቢኖር ቁጭ ማለት ነበር። ሾፌር ነኝ። ያኔ ከደብረ ታቦር ድንችና ገብስ ጭኜ በጋይንት በኩል እስከ ወልድያ እወርድ ነበር፤ ስመለስ ደግሞ ጨው ይሁን ቆርቆሮ ያገኘሁትን ጭኜ ዳገቱን እወጣለሁ። ቤቴ እግሬን ታጥቤ፣ ልጆቼን ስሜ፣ አንድ ሁለት ሌሊት አድሬ የምወጣበት ማረፊያ ነበር። ሚስቴ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንኳ ቀኝ እግሬ መሬቱን ሲረግጥ ስታይ፣ «እባክህ ነዳጁን ልቀቀው፣ ቤት ደርሰሃል» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ያን ዓመት ከጥምቀት በኋላ ግን ሳልወድ ተቀመጥኩ። ከክምር ድንጋይ አለፍ ብሎ፣ የጉና ብርድ ፊት በሚጋረፍበት መንገድ ዳር የኋላ ጎማ ልቀይር ክሪክ አስገብቼ ሳለ አፈሩ ከዳኝና ክሪኩ ተንሸራተተ። መኪናው ከነጭነቱ ዘመም ሲል ግራ እግሬን አገኘው። በዚያ ሲያልፉ የነበሩ ገበያተኞች ግንድ አስገብተው እየፈነቀሉ አወጡኝ። ሆስፒታል ከጭኔ እስከ እግሬ ጣት ድረስ በጀሶ ጠቅልለው፣ «እስከ ፋሲካ እንዳትረግጠው» ብለው ሁለት ክራንች ሰጥተው ወደ ቤቴ ላኩኝ።

ቤታችን ከዋናው መንገድ በላይ ነው። የጭነት መኪና ዳገቱን ሲወጣ ማርሽ የሚቀየርበት ቦታ በትክክል ከመስኮታችን ሥር ይውላል። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ተጋድሜ ያን እሰማለሁ። ይሄኛው ሞተሩን ያስጨንቃል። ያኛው ትዕግሥተኛ ነው። ይሄ ደግሞ ባዶውን ነው፣ ጭነት አላገኘም። መጽሐፍ ብይዝ ገጹን ሳላይ እገልጣለሁ። ሬዲዮ ብከፍት ጣቢያውን ስቀያይር ባትሪው ያልቃል። ጀሶው ውስጥ ይበላኛል፤ የሸማኔ ዘንግ በሚያህል ቀጭን እንጨት እየሰደድኩ አካለሁ። ከዚያ ደግሞ ማርሽ ሲቀየር እሰማለሁ።

ሚስቴ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ጠዋት ወጥታ የምትመለሰው ከመሸ ነው። ልጆቻችን ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ትልቋ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች፣ ትንሿ ገና ፊደል ትቆጥራለች። የቤት ሠራተኛችን ለጥምቀት ቤተሰቦቿን ልትጠይቅ ገጠር እንደሄደች እዚያው ተዳረች። እንጀራውን ሚስቴ እሁድ እሁድ ትጋግራለች፤ የሳምንቱ ወጥ ግን ሳይታወቅ በትልቋ ልጃችን ትከሻ ላይ ወደቀ። ማንም «አንቺ ሥሪ» አላላትም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን አስቀምጣ ከሰል ታያይዛለች፣ ከሱቅ የመጣ ሽሮ ትበጠብጣለች፣ ከዚያ ደብተሯን ምድጃው አጠገብ ዘርግታ ታንቀላፋለች። እኔ ከአልጋዬ ሆኜ በበሩ ክፍተት አያታለሁ። ማየቱ ያንገበግበኝ ነበር፤ ግን ወንድ ልጅ አልጋ ላይ ሆኖ ከማየት ሌላ ምን ያደርጋል ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር።

አንድ ቀን ወደ ማታ ጩኸቷን ሰማሁ። እግሬን ረስቼ ብድግ አልኩና ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ። እየዳህኩ፣ ጀሶውን እየጎተትኩ ማድቤት ደረስኩ። ሽሮው ፈልቶ ተፈናጥሮ የእጇን ጀርባ ልጦታል። ልጅቱ እጇን ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነክራ፣ እንባዋ በጉንጮቿ እየወረደ፣ ምን አለችኝ መሰላችሁ፦

«አባባ፣ ወጡ እንዳያርር አውርድልኝ።»

ድስቱን በባዶ እጄ አወረድኩት። እኔም ተቃጠልኩ፤ ግን ያን ጊዜ አልተሰማኝም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከሰሉን ልታያይዝ ስትሄድ ጠራኋት።

«ተይው። ደብተርሽን አውጪ።»

«ራቱስ? ማን ሊሠራ ነው?»

«እኔ።»

ሁለቱም ቀጥ ብለው አዩኝ። ትንሿ «አባባ ሴት ሆነ እንዴ?» ብላ እህቷን ጠየቀቻት።

ማድቤታችን ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ክርን ለክርን ይጋጫል። እኔ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጀሶ የታሠረውን እግሬን የለስላሳ ሳጥን ላይ ዘርግቼ አሳረፍኩት፣ ምድጃውን በቀኜ አደረግኩ። ሽንኩርቱን ስከትፍ እንባዬ ወረደ። ዘይት አበዛሁ፤ ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬውን ጨመርኩ፤ በርበሬው አርሮ ቤቱን ሁሉ አሳለን። ሽሮውን የፈላ ውኃ ላይ በአንድ ጊዜ ስገለብጠው እንደ ጠጠር መንገድ ጓጎለ። እኔ ግን ከአደጋዬ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የመንገዱን ድምፅ ሳልሰማ አመሸሁ።

ሚስቴ ስትገባ ሰሐኑ ቀርቧል። ቆርሳ ጎረሰች። አኘከች። የጓጎለችው ጥርሷ ሥር ስትፈርስ ሰማኋት።

«ማነው የሠራው?» አለች።

«አባባ!» አለች ትንሿ፣ ጎረቤት እንዲሰማ በሚመስል ድምፅ።

ሚስቴ ተነሥታ የውጭውን በር ዘጋችና መቀርቀሪያውን አስገባች። ተመልሳ ተቀመጠች፤ እስከ መጨረሻው በላች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች በደብዛዛው መብራት አልለየሁም። «ነገ ሽሮውን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በራችን በጊዜ ይዘጋ ጀመር።

እኔ ሥራ ከያዝኩ አልተውም። ከሱቅ የመጣው ሽሮ ድንጋይ ድንጋይ አለኝ፤ ከምኑ እንደተፈጨ አይታወቅም። አተር አስገዛሁና ራሴ አመስኩት፣ ከክቼ በሰፌድ አበጠርኩት፤ ገለባው ግማሹ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ አድርቄ ቀላቅዬ ልጆቹን ወፍጮ ቤት ላክኋቸው። የድንች ወጥም ሠራሁ። ስንቱን ኩንታል ድንች ጭኜ አልፌያለሁ፤ አንዷን ድንች ልጬ ግን አላውቅም ነበር። ቅንጬ ሠራሁ፤ ጎመን ከትፌ በድንች አበሰልኩ። አንዱ ወጥ ሲያምርልኝ ለሌላው እቅበጠበጣለሁ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ በክራንች ከአልጋ ማድቤት፣ ከማድቤት በር፣ ከበር ማድቤት እመላለሳለሁ። ክዳኑን ሳያስፈልገው እከፍታለሁ። እሳቱን ሳያስፈልገው እቆሰቁሳለሁ።

በአጥር የምንዋሰናት ጎረቤታችን ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጥ እስላም ሴት ናት፤ በዕድሜ እናቴ ትሆናለች፣ እትዬ ነው የምንላት። አንድ ቀን በርበሬ እየወቀጥኩ ሳለ ድምፅዋ ከአጥሩ ማዶ መጣ።

«ማነው እንዲህ ጎማ እንደሚደበድብ የሚወቅጠው?»

ዘነዘናውን አንሥቼ ዝም አልኩ። ድመት እንዳየች አይጥ።

«አንተ ነህ አይደል? ሴት እንዲህ አትወቅጥም። ሴት ነገም እንደምትወቅጥ ስለምታውቅ ቀስ ትላለች።»

«እባክዎ እትዬ፣ ለሰው አይንገሩብኝ።»

«ምኑን ነው የምነግረው? እኔ አባቴ ለሰርግ ሲጠራ በዚያ በትልቁ ብረት ድስት ሲሠራ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ወላሂ እንደሱ ያለ ወጥ አልቀመስኩም።» በአጥሩ ቀዳዳ በወረቀት የተጠቀለለ ኮረሪማ አቀበለችኝ። «ዘሩን ብቻ። ልጣጩን አውጥተህ። ደግሞ ቀስ በል።»

ቀስ በል። ሁሉም የሚለኝ ይህንኑ ነበር።

ዓቢይ ጾም ሲገባ አባቴ መጣ። አባቴ ከአንበሳሜ ወዲህ ባለ ገጠር የሚኖር ገበሬ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ታናሽ ወንድሜ ዘንድ ነው። ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለይ ነበር፤ ሆስፒታላችን የዓይን ሐኪሞች እንደሚመጡና ሞራ እንደሚያነሡ ሲሰማ ወንድሜ ይዞት መጣ። ወንድሜ በሬዎቹን ጥሎ ስለመጣ በማግስቱ ተመለሰ። አባቴ ተራው እስኪደርስ እኛ ቤት ቆየ።

ከሚስቴ ጋር ሳንነጋገር ተስማማን፤ አባቴ የማድቤቱን ነገር እንዲያውቅ አልፈለግንም። ልጆቹን አስጠነቀቅናቸው። እሱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በትንሿ ልጅ እጅ እየተመራ ይሄዳል፤ ሲመለስ ሳሎን በሚገኘው መደብ ላይ መቋሚያውን ይዞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል። ታሟልና ጾሙን ያቅል ቢባል አይሰማም፤ እስከ ማታ እህል አይቀምስም። እኔ ማድቤት ስሆን ትንፋሼን ይዤ እሠራለሁ። ክራንቼ ጫፍ ላይ ጨርቅ አሰርኩበት። ሽንኩርት ስከትፍ ቢላዋውን እንደ ሌባ አሳርፋለሁ። ማታ ሚስቴ ትመጣለች፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሰሐኑን ይዛ ትገባለች፣ አባቴ ይባርክና ይበላል።

«እጅሽ ይባረክ፣ ምራቴ። ይህ የምስር ወጥ አጥንት ይጠግናል።»

«አሜን፣ አባ» ትላለች፣ ጭኗን እያየች።

እኔ ሰሐኑ ላይ አቀረቅራለሁ። ውሸቱ አልነበረም ያስጨነቀኝ፤ ምስጋናው ወደ ሌላ ሰው ሲሄድ ማየቱ ነበር። እንዲህ ያለ ቅናት በውስጤ እንዳለ አላውቅም ነበር። ሚስቴም ሳህን ስታነሣ እያሾፈች በክርኗ ጎሰም ታደርገኛለች።

አንድ ማታ አባቴ በልቶ ሲያበቃ ጣቱን እየላሰ፣ «እናታችሁ በሁዳዴ እልበት ትመታልን ነበር» አለ። «እሱን ነው ያማረኝ።»

እልበት የባቄላና የምስር ዱቄት ከአብሽ ጋር እንደ ገንፎ ከበሰለ በኋላ ቀዝቅዞ፣ የሱፍ ውኃ እየተጨመረበት ነጣ ብሎ እስኪነፋ ድረስ የሚመታ የጾም ምግብ ነው። ድካሙ ብዙ ስለሆነ ከተማ ውስጥ እየቀረ መጥቷል።

«አባ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ እልበት አልችልበትም» አለች ሚስቴ።

«አንቺን መች አልኩሽ። ያ አንድ እግሩ ይምታው እንጂ።»

 ትንሿ ልጅ ፍርፍር ብላ ሳቀችና አፏን በእጇ ያዘች።

«አባ...» አልኩ።

«ምን ‹አባ› ትለኛለህ? ዓይኔን ሞራ ጋረደው እንጂ ጆሮዬን ማን ደፈነው? ቀኑን ሙሉ እንጨትህ ከማድቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ማድቤት ሲል ይውላል። ጨርቅ አስረህ ልታታልለኝ!» ድምፁ እየጠነከረ መጣ። «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት ሲባል ነው ያደግነው። እግርስ ይድናል። ስም ሲሰበር ግን የሚያሽ ወጌሻ የለም።»

እጁን ታጠበ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። 

በነጋታው ገና ልጆቹ ለትምህርት ቤት ሳይወጡ ከረጢቱን አንግቶ፣ መቋሚያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«መናኸሪያ የሚያደርሰኝ ፈልግልኝ። ወደ አንበሳሜ መሄዴ ነው።»

«ተራዎ ሳይደርስ? ዓይንዎስ?»

«ይህን ከማይ አለማየቱ ይሻለኛል።»

ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ። ለወራት አልጋና ማድቤት መካከል የተጠራቀመው ሁሉ አፌ ላይ መጣ። አባቴን አንድ ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬው የማላውቅ ሰው፣ «ምን ላድርግ ነው የሚሉኝ?» አልኩት። «እናታቸው የታመመ ስታክም ውላ ማታ ትገባለች። እኔ እንደ ግንድ ተጋድሜ ነው የምውለው። ልጄ በፈላ ሽሮ እጇ ተቃጥሎ ስትጮህ ሰማሁ! አልጋ ላይ ሆኜ! እርስዎ ቢሆኑ ዝም ብለው ይተኛሉ?»

 አባቴ እጁን ወደሚያየው ጥላ ዘረጋ።

«የታለች ልጅቱ?»

ትልቋ ቀረበች። እጇን በእጁ ላይ አኖረች። ፋሻው ከተፈታ ሰንብቷል፤ ጠባሳው ግን ገና ቀይና ለስላሳ ነበር። አባቴ በዚያ ሞፈርና ዕርፍ ባሻከረው አውራ ጣቱ ጠባሳውን ቀስ ብሎ ዳሰሰው። ከአንጓዋ እስከ ጣቶቿ ሥር። አንዴ ሄደ፣ አንዴ ተመለሰ።

«ያማል?» አላት።

«አሁን አያምም፣ አባ።»

«የአያትሽም እጅ እንዲህ ነበር» አለ። «እዚህ ጋ። እዚህም ጋ። ከምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።»

ከረጢቱን ከትከሻው አወረደ። መደቡን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ልጆቹ ወጡ፣ ሚስቴም ሥራዋ ረፈደባትና ሄደች። እኔ ክራንቼን እንደተደገፍኩ ቆምኩ። ከሥራችን አንድ የጭነት መኪና ዳገቱን ያዘ፤ ማርሽ ቀየረ፤ አለፈ።

«ባቄላ አለህ?» አለኝ አባቴ።

«ልገዛ እችላለሁ።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ዛሬ ማታ።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለና ጋቢውን ተከናነበ።

እንዳለውም ሆነ። ጎረቤታችን እትዬ ገበያ ሳትወርድ በአጥሩ በኩል የምታውቀውን ነገረችኝ፣ ሱፉን ራሷ አመሰችልኝ። ባቄላው ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ተፈጭቶ እስኪመጣ ቀኑ ተጋመሰ። ዱቄቱን አበሰልኩት፣ ገና ትኩስ እንዳለ የሱፉን ውኃ ገልብጬበት መምታት ጀመርኩ። ከታች ውኃ፣ ከላይ ጭቃ ሆነ። ማታ ሰሐን ላይ ሲቀርብ እንጀራውን አርሶ በጎን በኩል ፈሰሰ። ትንሿ ልጅ «ይሄ ሾርባ ነው?» አለች። አባቴ በላ፤ አላመሰገነም፣ አልነቀፈም።  እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በሚቀጥለው ቀን ግን የበሰለው ገንፎ ሲቀዘቅዝ እየጠበቅኩ በእጄ ሙቀቱን ደጋግሜ ስሞክር፣ አባቴ መቋሚያውን እየተመረኮዘ መጣ። ማድቤት አልገባም። ደፉ ላይ ቆሞ፣ «ዱካ አምጣልኝ» አለ። የራሴን አቀበልኩት፤ እኔ የከሰል ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ከበሩ ውጭ፣ ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ ተቀመጠ።

«ጀምር።»

በማማሰያው መምታት ያዝኩ። ሳላስበው ፈጠንኩ።

«እንደ መኪና አትንዳው! እሷ እንዲህ አትመታም ነበር።»

«እንዴት ነበር የምትመታው?»

«አላየሁም» አለ።  «እኔ መደቡ ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ እንጂ ምን ልገባ? ግን እሰማ ነበር። መጀመሪያ ላይ ጭቃ እንደሚረግጥ በሬ ነው። ከበድ ይላል። እዚያ ላይ አትቸኩልም። ደግሞ እየመታች በአፏ የሆነ ነገር ትላለች። ዜማ ነው እንዳልል ዜማ አይደለም። ሰው ከገባ ታቆማለች።»

እናቴን እንደዚህ አድርጎ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። በተዝካሯ ቀን እንኳ ስለ ደግነቷ ነበር የተናገረው፤ ስለ ድምፅዋ አልነበረም። ቀስ አልኩ። የሱፉን ውኃ ጠብ ጠብ አደረግኩ። ክንዴ መቃጠል ጀመረ፤ ጀሶው ውስጥ ይበላኛል፤ ተነሥቼ ልንቀሳቀስ እፈልጋለሁ፤ በሩ ላይ ደግሞ አባቴ አለ፣ መውጫ የለም።

«ደረሰ?»

«ገና።»

መታሁ። ክንድ ለወጥኩ።

«አሁንስ?»

«ገና ነው። አትጠይቀኝ፣ ሲደርስ እነግርሃለሁ።»

ስንት እንደቆየሁ አላውቅም። መጠየቁን ተውኩት። ድምፁ በእርግጥ እየተለወጠ ነበር፤ ከከባዱ ወደ ቀላሉ፣ ከጭቃው ወደ ሌላ ነገር፤ ማማሰያው እየቀለለኝ መጣ። አባቴ አንገቱን ቀና አደረገ። ሞራ የጋረደው ዓይኑ ወደ ጣሪያው ተመለከተ።

«ተው» አለ። «ይኼ ነው። ይኼው ነው ድምፁ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ነጥቷል፤ እንደ አረፋ ተነፍቷል። ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተከተፈ ቃሪያና ጤና አዳም ጨመርኩበት። በጣቴ ቀመስኩት። ቀና ብዬ አባቴን ሳየው በጋቢው ጫፍ ዓይኑን እየጠረገ ነው። ጭሱ ነው አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

ያን ማታ ሚስቴ ስትገባ በሩን ለመዝጋት ዞር አለች። አባቴ «ተይው፣ ይሞቀናል፣ አየር ይግባ» አላት። ውጭ የሚበርድበት ወቅት ነበር። በሩ እንደተከፈተ በላን። እሱ ሰሐኑን እስኪያብስ በላና፣ «ጨው ጎድሎታል» አለ።

ከዚያ በሳምንቱ ሞራውን አነሡለት። ፋሻው የተፈታ ዕለት ሚስቴ ከሆስፒታል ይዛው መጣች። በር ላይ ቆሞ ብዙ አየኝ። እኔም ምን ይል ይሆን ብዬ ክራንቼን ጨብጬ ጠበቅኩ።

«ከስተሃል» አለኝ።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ማድቤት ሄደ። ደፉን ተሻግሮ ገባ። የጠቆረውን ድስት፣ የከሰሉን ጆንያ፣ እግሬን የማሳርፍበትን ሳጥን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወንፊት ተራ በተራ አየ። ዞረ። ክርኑ መደርደሪያውን መታ።

«ይቺ ናት?» አለ። «ወይ ጉድ። እኔ ሰፊ ቤት ነበር የሚመስለኝ።»

ለፋሲካ ሳይቆይ ሄደ፤ ሚስቴ ብትለምነው ማሳው ናፍቆኛል አለ። በኋላ ወንድሜ ለገበያ ሲመጣ እንዳጫወተኝ፣ ቤት ከገባ ጀምሮ ዱካውን ማጀት ውስጥ እያስገባ የወንድሜን ሚስት አላሠራም ብሏታል። ወጥ ሲፈላ ጆሮውን አቅንቶ «ገና ነው፣ ገና ነው» ይላታል አሉ። እሷም «ኧረ አባ፣ ወደ ደጅ ይውጡልኝ፣ በማርያም!» እያለች ታባርረዋለች።

ጀሶው የተፈታው ከፋሲካ በኋላ ነው። ከሥሩ የወጣው እግር የእኔ አይመስልም ነበር፤ ቀጥኗል፣ ጠጉሩ ረዝሟል፣ ጉልበቱ አይታጠፍም። የመኪናው ባለቤት ሌላ ሾፌር ቀጥሯል፤ አልተቀየምኩትም፣ መኪና ቆሞ አይጠብቅም። ደግሞም የከባድ መኪና ፍሪሲዮን በግራ እግሬ ረግጬ ሞክሬው ሕመሙ እስከ ወገቤ ዘለቀኝ። በመጨረሻ ከደብረ ታቦር ወረታ የሚመላለስ ሚኒባስ አገኘሁ። ቁልቁል በዓለም በር ወርጄ፣ የፎገራን ሜዳ አይቼ፣ እመለሳለሁ። ለወራት በመስኮት የሰማሁትን መንገድ መጀመሪያ ቀን ስይዘው ልቤ ሊወጣ ደረሰ። መስኮቱን ከፍቼ ብቻዬን ሳቅኩ።

ግን ደስታው ሳምንት አልቆየም። ወረታ ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላ ስጠብቅ እቅበጠበጥ ጀመር። መሽቷል፤ እቤት ምን ተጥዷል? ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬ ጨመሩበት ይሆን? ሌሎቹ ሾፌሮች ነገሩ ደርሷቸዋል፤ ትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ «የኛ አባት ወጥ ይሠራል» ብላ አውርታለች። መናኸሪያ ውስጥ «ወጡ ሊያርርበት ነው፣ አሳልፉት!» እያሉ ይሳለቁብኛል። መጀመሪያ ላይ ፊቴ ይቀላ ነበር። በኋላ ግን አንዱ ጠጋ ብሎ፣ ማንም እንዳይሰማው ዝቅ አድርጎ፣ «ሽሮ እንዳይጓጉል ምንድነው የምታደርገው?» ብሎ ጠየቀኝ። በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው አልኩት።

ወደ ቤት ስገባ ሚስቴ ከእኔ ቀድማ ማድቤት ውስጥ ትሆናለች፤ የሥራ ሰዓቷ ተቀይሮ በጊዜ ትገባ ጀምራ ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ላይ እቆማለሁ።

«ውጣ፣ ዛሬ የኔ ተራ ነው» ትለኛለች።

«እሳቱ በዝቷል።»

«አልበዛም።»

«በዝቷል እንጂ፣ ሽንኩርቱን ተመልከቺው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ስትነዳ ውለሃል፣ ሂድና ቁጭ በል!»

ቁጭ ማለቱን ብችልበት መች ጠላሁ። እገባለሁ። ማማሰያውን እሷ አትለቅም፣ ድስቱን እኔ አልለቅም፤ ክርን ለክርን እንጋጫለን። ልጆቹ ሳሎን ሆነው «ራበን!» ይላሉ፤ ራቱም ሁልጊዜ እየዘገየ ይቀርባል።